ተያዥ ያለው ጋጋሪ

በአዲስ ዘመን ከተማ ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው። ሥራው ይለያያል፤ አንዱ አሳላፊ፣ አንዱ ጥበቃ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል። የመጨረሻዋ መስመር ግን ፈቀቅ አትልም፦ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል»። ሰውየው ሥራውን ይወደው እንደሆነ፣ ቤቱ ይርቀው እንደሆነ፣ ሌሊት መነሣት ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ቢጠፋ ማንን አንቀን እንደምንይዝ ካወቅን ይበቃናል። ነገሩ የቆየ ነው መሰለኝ። የጥንት አባቶቻችን ባለዕዳና አበዳሪን፣ ከሳሽና ተከሳሽን በኩታቸው ጫፍ አስረው በቁራኝነት ዳኛ ፊት የሚሰዱ ሰዎች ነበሩ። እኛ ኩታውን ፈታነውና በደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ተካነው።

ይህን የምለው ከጡረታ በኋላ ፉርኖ ቤት ከፍቼ ነው። ራስጌዬ የጣራ ገዳም ደን ነው፤ ግርጌዬ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው አስፋልት። ሲነጋ መኪና ይቆማል፣ ተማሪ ይወርዳል፣ ገበያተኛ ይወጣል፤ ሁሉም ትኩስ ዳቦ ይፈልጋል። ዳቦ ቤት የሚሠራ ሰው ያውቀዋል፦ ማሽን ቢሰበር ጠጋኝ አለ፣ ዱቄት ቢያልቅ ነጋዴ አለ፣ ጋጋሪ ከጠፋ ግን የለህም። ሊጥ ለባለቤቱ ጡረታ አያዝንለትም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጋጋሪ ስቀጥር ዳር እስከ ዳር ተጠንቅቄ ነው። ብቻዬን አልፈተንኩትም። ባለቤቴ ነበረች፤ ወንድሟ ነበረ፤ ከእድራችን አንድ ሽማግሌ ጠርቼ በበርጩማ ላይ አስቀምጫለሁ። ሽማግሌው የማን ልጅ እንደሆነ እስከ ቅድመ አያቱ አስቆጠሩት። የባለቤቴ ወንድም ጠላ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀው፤ በበዓል ብቻ አለ። ባለቤቴ የንስሐ አባት አለህ ወይ አለችው፤ አለኝ አለ። እኔ በበኩሌ መምህር ስለነበርኩ ስለ እርሾ ጠየቅኩት፤ ከእኔ የተሻለ መለሰ። በመጨረሻ «ትቆያለህ ወይ?» አልኩት። «እግዜር ካለ» አለ። እኛም በሉ እግዜር ይላል ብለን ተነሣን። ተያዡ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤ ይዞ፣ ክብ ማኅተም አስመትቶ መጣ። ከዚያ የበለጠ ጥንቃቄ አላውቅም።

ልጁ ጎበዝ ነበር። ዳቦው ሲቆረስ ድምፅ ነበረው። ክረምቱ ገባ፤ የሐዋርያት ጾም ተፈታ፤ በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ሰልፍ ቆሞ እኔ ውስጥ ገባሁ። ፉርኖው ቀዝቃዛ ነው። ሊጡ ግን ተቦክቶ፣ ኩፍ ብሎ፣ ከቡሃቃው ሞልቶ ወለሉ ላይ እየወረደ ነው። አስቡት፤ አቡክቶ ነው የሄደ! ሽርጡ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ቁልፉ እርሾው ማሰሮ ሥር ተቀምጧል። ሰው ሊጠፋ ሲል እንዲህ ያለ ጨዋነት ምን ያደርግለታል?

ተያዡን አስጠራሁት። መጣና ኮቱን አውልቆ ቆጠራ ጀመረ። ላሜራ ቆጠረ፣ የዱቄት ኩንታል ቆጠረ፣ ሚዛኑን በመዳፉ ጫን አድርጎ ሞከረው። ሳንቲም ሳጥኑን አስከፈተኝ። አንድም ነገር አልጎደለም። «ታዲያ ምን ልክፈልህ፣ መምህር?» አለኝ፤ «የፈረምኩት ለንብረቱ ነው። ሰውየውን እንደሆነ እኔ አልወለድኩት።» ውሉን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። እውነቱን ነው፤ «ንብረት ቢያጎድል» ይላል። ሰው ቢያጎድል አይልም። ሻይ ጠጥቶ ኮቱን ለብሶ ሄደ።

ጋጋሪዬ የሄደው መተማ ነው። ሐምሌ ሲገባ የሰሊጥ አረም ይመጣል፤ መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲደርስ ደግሞ አጨዳው። ያን ጊዜ ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት፣ ከእኛም ከሊቦ ከምከም ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ ቆላው ይወርዳል። ይህ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በወረዳችንና በፎገራ ካላዛር የተነሣ ጊዜ ያየነው ነው፤ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ስንት ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው ሕመሙ የታወቀው። ወደ ሁመራና መተማ ከሚመላለሱ ሠራተኞች ጋር ወደ ደጋው እንደ ወጣ ይታመናል። ለጥቂት ወር ደመወዝ ሲባል የሚከፈለው ዕዳ እንደዚህ ያለ ነው። እኔም ልጁን በዚህ መክሬ ልመልሰው ቆርጬ ተሳፈርኩ። መንገዱ እንደ አሁኑ ሳይሆን ሰው እንደ ልቡ በሚሄድበት ዘመን ነው።

ጎንደር ደርሼ፣ ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ታጥፌ፣ ገንዳ ውኃ ስደርስ ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሠራተኛ የሚሰበሰብበትን ቦታ ጠይቄ ሄድኩና ሰው መሀል ቆሜ ፊት ለፊት ስመለከት አንድ ደላላ ክንዴን ጨበጠኝ። ጨበጠኝ ስል በግ ሲገዛ እንደሚጨበጠው ማለቴ ነው። «አባባ፣ ጀርባዎ ደህና ነው» አለኝ። «ለአረም ጎንበስ ማለት ይከብድዎታል፣ ውኃ ማመላለስ ግን ይችላሉ። ምግብ ከእኛ ነው፤ መኝታ አለ። መኪናው አሁን ይወጣል።» እኔ ሠራተኛ ፈላጊ ነኝ፣ ቀጣሪ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል! እንደውም ዋጋ ለማስጨመር የማደርገው መሰለውና ጨምሮልኝ ጋቢና ከተተኝ። ተያዥ አልጠየቀኝም። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ጠላ እጠጣ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ከተማዬ ውስጥ ማንም እንዲህ ባለ ፍጥነት ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ያም ሆኖ ከመኪናው ጋቢና ያወረደኝ የራሴ ጋጋሪ ነው። ከኋላ ስሜን ጠርቶ «መምህር! እርስዎም መጡ?» አለ።

አረም ሊያርም መጥቶ በሁለተኛው ሳምንት ዳቦ መጋገር እንደሚችል ታወቀበትና ለሠራተኞቹ ቂጣና ዳቦ ጋጋሪ ሆኗል። ያው ሥራ! ደመወዙ ትንሽ ይበልጣል፤ እጅግም አይበልጥም። ታዲያ ለምን? ብዬ ተቆጣሁ። መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። «እዚህ ቀን ነው የምጋግረው። ሰው አለ። ሲመሽ እናወራለን፣ እተኛለሁ። እርስዎ ዘንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እኔና ፉርኖው ብቻ ነን። የጣራ ገዳም ጅብ ሲጮህ እሰማለሁ፤ ሌላ የማዋራው የለም።» ስለ ካላዛሩ ነገርኩት፤ አጎበር እንዳለው አሳየኝ። ብቸኝነት የሥራ መልቀቂያ ምክንያት ይሆናል ብዬ በበኩሌ አላምንም፤ ስንቱ ዘበኛ ብቻውን አድሮ ጡረታ ወጥቷል። ቢሆንም ለመንገዴ ዳቦ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጥሩ ዳቦ ነበር።

ስመለስ ደግሞ አንድ የታሪክ መምህር ወዳጄ ደብረ ታቦር ጠራኝና ነገሬን ቢሰማ ሳቀ። «አንተ የመጀመሪያው ነህ እንዴ?» ብሎ በእግሬ እየነዳ ጋፋት ወሰደኝ። ጋፋት ከከተማው አጠገብ ያለ ኮረብታ ነው። ሠራተኛ ቀጥሮ ስለማቆየት ማውራት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ከዚህ ኮረብታ ጀምሮ ያውራ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ጋጋሪ ሳይሆን መድፍ ሠሪ ነበር የቸገራቸው። በእጃቸው የነበሩት ደግሞ መድፍ ሊሠሩ የመጡ አልነበሩም። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ጎባት ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪስቾና የላካቸው፣ በእጃቸው ሙያ እያደሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ የታሰቡ ወጣቶች ናቸው፤ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ በኋላም ዋልድማየርና ሳልሙለር። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልም ተጨመሩ። ንጉሡ መጽሐፉን ተዉና መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም አሉ። ሞክሩ ተባለ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ሁለተኛው ተከተለው፤ በመጨረሻ ተሳካ። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ፣ ያለ ልምድ ቀጥሮ በሥራ ላይ ማሠልጠን የሚባለው ይኸው ነው አልኩት።

ከተሳካ በኋላማ ማን እንደ ቴዎድሮስ ይከፍላል! የሐር ቀሚስ፣ በቅሎ ከነመጣብሩ፣ ገንዘብ፣ ቤት፣ ማዕረግ። ትዳርም እዚሁ ሆነ። ዋልድማየር ያገባው ለንጉሡ ሲዋጋ የሞተውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን፣ የእኛን ሊቀ መኳስ ዮሐንስን ልጅ ነው። ሰው ሚስትና ልጅ ካለው አይሄድም የሚለው የዛሬ ቀጣሪ ብልሃት ያኔም ነበረ። ንጉሡ ጋፋት እየወረዱ ሥራውን በዓይናቸው ያዩ ነበር፤ እኔ ፉርኖዬን ከማየው በላይ ማለት ነው።

ዕዳው የመጣው ሌላ ሠራተኛ ሲፈለግ ነው። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሏን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ባለሙያ ቅጠርልኝ ብለው ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን እዚሁ ቀሩ። ተያዥ ማለት እንግዲህ ይህ ነው! ፍላድ ባለሙያዎች አገኘ፤ መሣሪያቸውን ይዘው እስከ ምጽዋ ደረሱ። እስረኞቹ ሳይፈቱ ግን ወደ ውስጥ የሚልካቸው ጠፋና ከዚያው ተመለሱ። እኔ በእነሱ አልፈርድም። ከአንተ በፊት የተቀጠረው ሰው በሰንሰለት ላይ ነው እየተባለ የሚገባበት መሥሪያ ቤት የት አለ? አዲስ ገቢ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ነባሩን ነው፤ በምሰሶ ላይ ከለጠፍኸው ይልቅ ነባሩ በጠላ ቤት የሚያወራው ይሰማል።

በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን። ያኔ ግን ሠሪዎቹም እንደ ቀድሞው አልነበሩም። ንጉሡ ተጠራጥረው ከጋፋት አንሥተው ወደ ደብረ ታቦር አመጧቸው፤ በዘበኛ ይጠበቁ ጀመር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን ጎትተው፣ ሠራተኞቻቸውንም አስከትለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ተራራ እየቆረጡ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 6 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘና ሁሉም ነገር አለቀ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ አለ፤ ሠሪዎቹ ከነቤተሰባቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ሰውየው ሄዶ ሥራው የሚቆይበት ቅጥር!

እዚህ ላይ ወዳጄ ጣቱን አነሣና ዋናው ገና ነው አለኝ። ያ በዘበኛ ካልተጠበቀ ይሄዳል የተባለው ዋልድማየር ኋላ ሊባኖስ ገባ። ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሲቀጥልም አስፉሪየህ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ማንም ሳያስረው፣ ማንም ተያዥ ሳይጠይቀው፣ እስኪሞት ድረስ እዚያው ኖረ። የሞሪትዝ ሆል ቤተሰብ ደግሞ ያፋ ሰፈረ፤ ሁለት ኦስካር ያገኘው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጁ ልጅ ነው። (ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ አያምነኝም፤ እውነት ነው።) እንግዲህ ዋልድማየር መቆየት የማይችል ሰው አልነበረም። የሚቆይበትን ነገር ራሱ ሲጀምረው ቆየ። ንጉሡ የጎደላቸው ስጦታ አይደለም፤ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ለሠራተኛው እንደ እሳቸው የሰጠ ጥቂት ነው። መድፉ ግን የሳቸው እንጂ የዋልድማየር አልነበረም።

ዘመናዊውም ቅጥር ከዚህ ብዙ አልራቀም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም ይላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘውን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት፣ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። የሚፈተነው ሠራተኛው ብቻ እንደሆነ አድርገን እናነበዋለን እንጂ አዋጁ የመለያያውን በር ለሁለቱም ከፍቷል። ብላትማንና ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአገራችን በአምስት ኩባንያዎች አመልካቾችን በዕጣ እያስቀጠሩ ተከታትለው ነበር፤ ሲሶው ገደማ በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ ዓመቱ ሲያልቅ 77 በመቶው ሄዷል። ሥራ አጥቶ የሚለምን ሁሉ ያገኘውን ሥራ ሙጥኝ ይላል የሚለውን የከተማ ወሬ እዚያ ላይ ጣልኩት።

ከጋፋት ስመለስ አያቴ ትዝ አሉኝ። ፋርጣ ላይ፣ ጉና ሥር፣ በግ ነበራቸው። እረኛቸው ለአቅመ አዳም ደርሶ እስኪያገባ ድረስ አልሄደም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በየዓመቱ ከሚወለደው አንዲት ግልገል የእሱ ናት፤ የሱ በጎች ከአያቴ በጎች ጋር አንድ መንጋ ሆነው ይሰማራሉ። የአያቴን በግ ቀበሮ ሲያባርር የራሱንም እያባረረ ነው። ይህንን ነው እንግዲህ ፉርኖ ቤቴ ያመጣሁት። ለአዲሱ ጋጋሪ ከደመወዙ በላይ ከእያንዳንዱ ቀን ሽያጭ ድርሻ ቆረጥኩለት። ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ እስከ ዛሬም ድንቅ ነው እላለሁ።

ሰውየው በሦስተኛው ቀን ደብተር ገዛ። በአራተኛው ዳቦ ቆጠረ። «ትናንት የወጣውና የተሸጠው አይገጥምም» አለኝ። ቤት ለቁርስ ይወሰዳል አልኩት። «ስንት?» አለ። ባለቤቴ በዘንቢል ልትወስድ ስትመጣ ከበሩ ላይ ቆሞ እርሳሱን አላሰ። ለጎረቤት የምትሰጠውን፣ ለለማኝ የምትሰጠውን፣ ለተዝካር ያዋጣነውን ሁሉ ጻፈው። አንድ እሑድ የወንድሜ ልጅ የቆረሳትን ግማሽ ዳቦ «ግማሽ» ብሎ መዝግቦ አሳየኝ። አያቴ በግ ሲያርዱ እረኛው አልቆጠረባቸውም፤ ወይም ቆጥሮ ዝም ብሏል። ባለቤቴ በበኩሏ በሠላሳ ዓመት ትዳር እኔ ያልጠየቅኋትን ሰው ጠይቋት ዝም የምትል አይደለችም። ድርሻው ቀረ፤ ሰውየውም ደብተሩን ይዞ ሄደ። አሁን ወረታ የራሱ ፉርኖ አለው፤ ደህና ይሸጣል አሉ። ደብተሩ አሁን የሱ ነው።

ለሌሊቱ ብቸኝነት ደግሞ አንድ የቆሎ ተማሪ ጥበቃም ረዳትም ይሆናል ብዬ አስገብቼ ነበር። እሳቱ አጠገብ ድጓውን እየቀጸለ ያድራል፤ ዳቦ አያቃጥልም፣ አይሰርቅም፣ አያንቀላፋም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ደበሎውን አንግቶ ቆሞ አገኘሁት። ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ሊሄድ ነው፤ ድጓን የሚያስመሰክሩት እዚያ ነውና። ደመወዝ ልጨምርልህ አልኩት። በኀዘኔታ አየኝ። ለዚህስ ተያዥ ይጠይቁለት።

ጣራ ገዳም የወጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። ንግሥ አልነበረም፤ ምክር ፈልጌ ነው። ደኑ ውስጥ መንገዱ ቁልቁለት መስሎ ዳገት ነው፤ ጉሬዛና ዝንጀሮ እያየሁ፣ ትንፋሼን እየለቀምኩ ደረስኩ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ጥላ ሥር ተቀምጠው እንጨት ይላጫሉ። እጅ ነሥቼ ተቀመጥኩና ነገሬን ሁሉ አፈሰስኩት። «አባ፣ እናንተስ ሰው እንዴት ነው የምታቆዩት?» አልኩ።

«እኛ አናቆይም» አሉ። «ሊገባ የመጣውን መጀመሪያ ተመለስ ነው የምንለው። አባትህን ጡር፣ ሚስት አግባ፣ እረስ እንለዋለን። እምቢ ካለ አመክሮ ይገባል። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፣ ይፈጫል፣ ለታመመ ያነጥፋል። ሥርዓቱ ሦስት ዓመት ይላል። ቆቡ ኋላ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ የሚሄድ ይሄዳል።»

«የሚሄደው ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው እንጂ። የሚሄደው ቶሎ ይሂድ ብለን አይደል ክፉ ክፉውን መጀመሪያ የምናሳየው?» አሉና ወደ እንጨታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ዳቦ ዋጋ ጠየቁኝ፤ ውድ ነው አሉ።

ወርጄ ቀጣዩን ቅጥር በገዳሙ ሥርዓት አደረግሁት። አንድ ብርቱ ጎረምሳ መጣ። ሳይቀመጥ ጀመርኩለት፦ ሌሊት በስምንት ሰዓት ትነሣለህ፤ እንጨቱ እርጥብ የሆነ ቀን ጭሱ ዓይን ያፈሳል፤ ክረምት ቤቱ ያፈሳል፤ መብራት በጠፋ ቀን በእጅ ነው የሚቦካው፤ ባለቤቴ ዳቦ ትወስዳለች፣ አትቆጥርባትም። ጎረምሳው በጥሞና አዳመጠኝ። «መምህር፣ እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለና የመመለሻ ትራንስፖርት ጠይቆኝ ሄደ። ከፈልኩት። ገዳሙ የመመለሻ ይከፍል እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የወረድኩት።

እንዲህ ያለውን ንግግር ለሁሉም ደገምኩት፤ ሁሉም አመስግኖ ሄደ። አንዲት ሴት ብቻ ሰምታ ስትጨርስ «ሌሊት መሆኑ ደስ ይለኛል» አለች። ለምን? አልኩ። ልጇ ከገጠር መጥታ እዚህ አዲስ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ ቀን ቀን ቤት ሆና ልታበስልላት፣ ከትምህርት ስትመጣ ልታያት ትፈልጋለች። ከፉርኖ ቤቱ ጋር ከተያያዘ ክፍል ውጭ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ከፉርኖው ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረችኝ፣ ሰጠኋት። ልጅቱ ሌሊት እናቷ ስትጋግር በእሳቱ ብርሃን ታነባለች። ይህ ቅጥር ሽማግሌ አልተቀመጠበትም፤ የንስሐ አባቷን ማንም አልጠየቃትም። ተያዥም አላመጣችም፤ ተያዧ እዚያው ጥግ ላይ ሒሳብ እየሠራች ነው። ሰሊጥ አረም መጣ፣ አለፈ። አልሄደችም። ሌላ ዳቦ ቤት ጨምሮ ጠራት፤ ትምህርት ቤቱ ይርቃል ብላ እምቢ አለች። እኔም ሳልጠየቅ ጨመርኩላት፤ ነባሩ በጠላ ቤት የሚያወራውን ከጋፋት ተምሬ የለ!

ችግሩ ልጅቱ ጎበዝ ናት። በሊቦ ከምከም ወረዳ የአንዲት ተማሪ ውጤት ሲነገር ልቡ የሚመታ የዳቦ ቤት ባለቤት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አንድ ማታ ፊዚክስ ከብዷት ስታለቅስ ላስረዳት ተቀምጬ ግማሽ ልቤ ዝም በል አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አስረዳኋት። ቶሎ ገባት።

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፈተናው ክረምት ላይ ነው። ካለፈች እናትየው ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከተማ አጠገብ ሥራ እንደምትፈልግ ከወዲሁ ነግራኛለች፤ እንደ መጀመሪያው ጋጋሪ በሊጥ አልተሰናበተችኝም። ስለዚህ ይህንን የምታነቡ፣ ልጁን ወይም ታናሹን አዲስ ዘመን ሊያስተምር ያሰበ፣ ሊጥ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ላኩልኝ። ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ቢሆን እመርጣለሁ። ክፍል አለ፣ ማገዶ ከእኔ ነው፣ ፊዚክስ በነፃ አስረዳለሁ። ተያዥ አልጠይቅም።